አላውቅም ያለው መሣሪያ

ጥር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ በከተማችን አንድ የአዋላጅ መኪና፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ ሾፌር፣ ስልሳ ሁለት መስቀለኛ መንገድ ነበረ። የመንገድ ምልክት አንድም አልነበረም። ምልክት ያልተተከለው በቸልታ አይደለም። መንገድ ማሳየት የሰው ክብር ነው ተብሎ ስለሚታመን ያንን ክብር ለቆርቆሮ አሳልፎ መስጠት ነውር ነበር።

በዚህ ከተማ መንገድ ለጠየቀ ሰው «አላውቅም» ብሎ መመለስ የራበውን እንግዳ ከደጅ እንደ መመለስ ይቆጠራል። የተጠየቀ ሰው ሥራውን ያቆማል፤ እጁ እርጥብ ከሆነ ይጠርጋል፤ ቀኝ ክንዱን እስከ ጣቱ ጫፍ ዘርግቶ አንድ አቅጣጫ ያሳያል። ቦታውን ማወቅ አለማወቁ የራሱ ጉዳይ ነው። ፀጉር አስተካካይ ግማሹ የተላጨ ራስ ወንበር ላይ ትቶ ለመጠቆም ሲወጣ አይቻለሁ። የተላጨውም ሰው ተከትሎት ወጥቶ ሌላ አቅጣጫ ጠቁሟል።

እኔ የከተማው የዝናብ መለኪያ ጠባቂ ነኝ። በዓመት ውስጥ ዝናብ የሌለባቸው ብዙ ቀኖች ስላሉ ሌላም ነገር ለመቁጠር ጊዜ አገኛለሁ። በዚያ ጥር መቶ አርባ ሰዎችን መንገድ ጠየቅሁ፤ የጠየቅሁት አስቀድሜ የማውቃቸውን ቦታዎች ብቻ ነው። «አላውቅም» ያለኝ ሰው የለም። በትክክል ያሳዩኝ አምሳ አንድ ናቸው። የቀሩት ሰማንያ ዘጠኙ ተሳስተዋል፤ ነገር ግን ከእነርሱ ፊቱን ያጠቆረብኝ አንድም አልነበረም። ስድስቱ እንዲያውም ውሃ ሰጥተውኛል።

ልማዱን የሚጠብቅ የአቅጣጫ ጽሕፈት ቤት ነበረን። ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ረጅም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ገበያ ሙሉ ሰው የሚያቆም ሰው ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ በየዓመቱ ምርጥ ጠቋሚ ይሸልማል። ዳኞቹ የሚያዩት የክንዱን ቀጥ ማለት፣ የድምፁን ጥራትና ጥርጣሬ አለመኖሩን ነው። መንገደኛው የፈለገው ቦታ መድረሱ በመመዘኛው ውስጥ አልገባም፤ የተሳሳተ መንገደኛ ተመልሶ ስለማይመጣ ለማጣራት ያስቸግራል። አቶ ልሳነወርቅ አሥራ አንድ ጊዜ ተሸልመዋል። ይህን የምጽፈው ለፌዝ አይደለም። በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው በፊታቸው ያለፈ አንድም መንገደኛ መልስ አላጣም፤ በዝናብ ቆመው ሲጠቁሙ ያየኋቸውን ቀኖች ከዝናቡ መጠን ጋር መዝግቤያለሁ።

ሲስተር ዘርትሁን፣ አዋላጃችን፣ በዚያው ሳምንት ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች። ከበር አልገባችም።

«ጋሽ አድማሱ፣ ዝናቡን ይለኩታል ወይስ ይገምቱታል?»

«እለካዋለሁ።»

«እንግዲያው መንገድ ይለኩልኝ።»

ነገሩን ቆማ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት በአሥራ ዘጠኝ ጥሪ ወጥታለች። በአራቱ የደረሰችው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ከአራቱ አንዷ እማዋይሽ ናት፤ ድንጋይ ፈላጮች ሰፈር ያለች ሴት። ያ ሰፈር ድንጋዩን እየተከተለ ይሄዳል። አንድ ካባ፣ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጉድጓድ፣ ሲያልቅ ሰዎቹ ቆርቆሯቸውንና ምሰሷቸውን ነቅለው ወደሚቀጥለው ካባ ይወጣሉ፤ ስለዚህ የሰፈሩ መንገድ ከስድስት ወር በላይ አንድ ሆኖ አይቆይም። ለእማዋይሽ የተጠራችው መኪና ከሁለት ሰዓት ከአምሳ አንድ ደቂቃ በኋላ ደረሰች። ሕፃኑ አልተረፈም። አሁን እማዋይሽ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት፤ ቀኗ ሚያዝያ ውስጥ ነው።

«‹አሁን ግን ትደርሻለሽ አይደል?› አለችኝ፤» አለች ሲስተር ዘርትሁን። «እደርሳለሁ አልኳት። አፌ ቀድሞኝ ነው። እኔም የዚህ ከተማ ሰው አይደለሁ?»

የፈለገችው ከሳተላይት አቅጣጫ የሚቀበል፣ መኪና ላይ የሚለጠፍ ጂፒኤስ ነበር። የሴቶቹ እድር ለመኪናው በየዓመቱ ሦስት ጎማ ይገዛል። ሲስተር ዘርትሁን ለምና የሁለቱ ጎማ ዋጋ ለጂፒኤስ እንዲሆን አስፈቀደች። ከዚያ ወዲህ በከተማችን የመሣሪያው ዋጋ የሚነገረው በጎማ ነበር።

ነጋዴው ሦስት ዓይነት ለሁለት ሳምንት አዋሰን። ትልቁ አምስት ጎማ ያወጣል። መካከለኛው ልክ ሁለት ጎማ ነው። ትንሹ አንድ ጎማ ከነከመነዳሪው፣ ማለትም ከነውስጥ ላስቲኩ። አቶ ልሳነወርቅ ትልቁን ከነጋዴው ሱቅ ሲናገር ሰምተውት ነበር፤ የሚጎድለውን ሦስት ጎማ ጽሕፈት ቤታቸው እንደሚሸፍን አስታወቁ። ምክንያታቸውም «ጨዋ ነው» የሚል ነበር።

አሥራ ሁለት ቦታ መረጥሁ። በእያንዳንዱ መሣሪያ ወደ እያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ እንድንሄድ ወሰንሁ። ድንበሩ የሚባለው ሾፌራችን ሥራው መሣሪያው ያለውን ብቻ ማድረግ ነው። የእኔ ሥራ አጠገቡ ተቀምጦ መጻፍ ነው።

መጀመሪያ ትልቁን ለጠፍን። በአርባ ስምንት ሰከንድ ሳተላይቱን አገኘ። ስክሪኑ ላይ ቤቶቹ ከነጣሪያቸው ይታያሉ፤ እኛ ቀለም ያልቀባናቸው ቤቶች ሁሉ እዚያ ተቀብተዋል። ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ከራሳችን ፊት በቀር ምንም አይታይም። አነጋገሩ በእርግጥ የጨዋ ነበር።

«ክቡርነትዎ፣ ወደ ድልድዩ ይቀጥሉ።»

«የምን ድልድይ?» አለ ድንበሩ።

እኔ አውቀው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የአቅጣጫ ጽሕፈት ቤት በካርታ ላይ አንድ ድልድይ ሥሎ፣ ካርታው ላይ ሪባን ቆርጦ መርቆታል። ወንዙ ላይ ለመሥራት ጊዜ አልተገኘም። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች ካርታውን ተቀብለው እንዳለ አስገብተውታል። ይህን ለድንበሩ መንገር የሙከራውን ደንብ ስለሚያፈርስ ዝም አልኩ። ድንበሩ ወንዙ ዳር ሲደርስ ፍሬን ያዘ።

«ክቡርነትዎ፣ ድልድዩን በመሻገር ላይ ነዎት። መልካም ጉዞ።»

ድንበሩ እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሳ ወደ እኔ ዞረ።

«አድማሱ፣ እየተሻገርን ነው?»

«አይደለም።»

«ጻፈዋ እንግዲህ።»

ወርጄ ለካሁ። ከፊት ጎማው እስከ ገደሉ ጠርዝ አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲም ነበር። ወደ መኪናው ስመለስ መሣሪያው በሰላም ስለተሻገርን ደስታውን እየገለጸ ነበር።

መካከለኛው ጥሩ መሣሪያ ነው። ለሦስት ቀን አልተሳሳተም። በአራተኛው ቀን ካርታው መታደስ እንዳለበት፣ ለእድሳቱም በየዓመቱ የአንድ ጎማ ያህል እንደሚከፈል በስክሪኑ ጻፈና ዝም አለ። ሲስተር ዘርትሁን «እውነት የሚናገረው እስከተከፈለው ድረስ ነው ማለት ነው» ብላ ራሷ ከመስታወቱ ነቀለችው።

ትንሹ ቀርፋፋ ነው። ሳተላይቱን ለማግኘት ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ፈጀበት። ቤት አያሳይም፤ መስመርና ቀስት ብቻ። ስክሪኑ ደብዛዛ ስለሆነ ግን ፀሐይ አያጠፋውም። ድንበሩ መኪናውን ጉድጓድ ሲያስገባ መሣሪያዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያገኙበት የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ይነቃነቃል፤ ትልቁ በዚያ ጊዜ ሁሉ ይጠፋ ነበር፤ ትንሹ በራሱ ባትሪ አርባ ደቂቃ ቆየ። አመሉ ግን ሌላ ነው።

«ወደ ግራ ታጠፍ።»

ድንበሩ ታጠፈ፤ ከዚያ ቆመ። «ታጠፍ? ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ጎማ ከነከመነዳሪው አውጥተህ ‹አንተ› ትለኛለህ?»

«ቀጥ ብለህ ሂድ።»

«ሰማኸው አድማሱ? አባቴ እንኳን እንዲህ አላዘዘኝም።»

በሦስተኛው ቀን «እሺ» እያለ ይመልስለት ነበር። በአምስተኛው ቀን ግን ወደ ድንጋይ ፈላጮች ሰፈር ስንወጣ፣ ከአሮጌው ካባ ሥር፣ መሣሪያው ሌሎቹ ያላሉትን አለ።

«ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ አላውቅም። ቆመህ ጠይቅ።»

ድንበሩ ፈጥኖ መስኮቱን ዘጋ። ከውጭ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፤ እንዳልሰሙ ካረጋገጠ በኋላ ነው መተንፈስ የጀመረው። «ነውረኛ» አለው በቀስታ። ከዚያ በኋላ በሙከራው ሁሉ መሣሪያውን ይዘን ወደማናውቀው ሰፈር ስንጠጋ መስኮቱን አስቀድሞ ይዘጋ ነበር።

መዝገቡን ለሲስተር ዘርትሁን አመጣሁላት። ትልቁና መካከለኛው ያሉበትን ገጽ ዘልላ ትንሹ ላይ ቆመች።

«ስንት ጊዜ ‹አላውቅም› አለ?»

«ከሠላሳ ስድስት ጉዞ በዘጠኙ።»

«በዘጠኙም እውነት አያውቅም ነበር?»

«በዘጠኙም። እኔም አረጋግጫለሁ።»

«አውቃለሁ ባለበትስ?»

«ሃያ ሰባት ጊዜ መራን። ሃያ ስድስቱ ልክ ነበር። አንዱ በሠላሳ ሜትር ሳተ።»

መዝገቡን ዘጋችው። «ይሄን ነው የምገዛው። እኔ የቸገረኝ የማያውቅ ሰው አይደለም። የት ላይ ማወቁን እንዳቆመ የማይነግረኝ ሰው ነው የቸገረኝ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስለካ ያልደረስኩበትን አንድ ነገር በዚያች ዐረፍተ ነገር ተማርኩ። በማግስቱ በዝናብ መዝገቤ ላይ፣ መለኪያው ተሰንጥቆ የነበረባቸውን አሥራ ሁለት ቀኖች አወጣሁና በገመትኳቸው ቁጥሮች ፋንታ ባዶ አደረግኋቸው።

መሣሪያው የእድሩና የጽሕፈት ቤቱ የጋራ ስብሰባ ሳያጸድቀው ሊገዛ አይችልም ነበር። አቶ ልሳነወርቅ ትንሹን ጠረጴዛ ላይ በፊቱ ደፍተው ተናገሩ።

«በዚህ ከተማ መኪና ውስጥ፣ በሰዎቻችን ፊት፣ ‹አላውቅም› የሚል ዕቃ? እንግዳ ቢሰማ ምን ይለናል? ልጆች ቢለምዱትስ?»

የእድሩ ዳኛ የሆኑት እመት ዘገዬ እጃቸውን አነሱ። «አፉ የቱ ጋ ነው? ጥጥ ብንወትፍበትስ?»

«እመት ዘገዬ፣ አፉን ከወተፍነው የቀረውንም አይነግረንም፤» አለች ሲስተር ዘርትሁን።

«የቀረውን ብቻ እንዲናገር ቀስ አርገን ብንወትፈውስ?»

ይህን ሐሳብ ግማሽ ሰዓት ተወያየንበት። ጥጡ ምን ያህል ይሁን የሚለው ላይ ስንደርስ፣ በስብሰባ ተናግሮ የማያውቀው ድንበሩ ከኋላ ተነሣ። ባርኔጣውን ይዞ ቆመ።

«ለእማዋይሽ የተጠራን ቀን ሰባት ሰው ጠየቅሁ። ሰባቱም ነገሩኝ። አንዱም አላስቀየመኝም። ሰባተኛው በተለይ…» ክንዱን ዘረጋ፤ እንደ እንጨት ቀጥ ያለ ክንድ። «እንዲህ አድርጎ ነው ያሳየኝ። እንደዚያ ያለ አሳማኝ ክንድ አይቼ አላውቅም። ወንዙ ዳር ነው የወሰደኝ። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ብቻ ከሰባቱ አንዱ ‹አላውቅም› ቢለኝ ኖሮ ስምንተኛውን ቶሎ እጠይቅ ነበር።»

ተቀመጠ። የሰባተኛውን ስም አልጠራም፤ የጠየቀውም የለም። አቶ ልሳነወርቅ ለተወሰነ ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ተመለከቱ። ከዚያ የተደፋውን መሣሪያ አቀኑት።

«ይገዛ፤» አሉ። «ግን ባለጌነቱ በባለጌነቱ አይቀር። ይቅርታ ጠያቂ ይመደብለት።»

እኔ ተመደብሁ፤ መኪናው ውስጥ መቀመጥ ለምጃለሁ ተብሎ። በደረቴ የሚንጠለጠል «የይቅርታ ተጠሪ» የሚል ካርድ ተሰጠኝ። መሣሪያው «አላውቅም» ባለ ቁጥር መስኮቱን አውርጄ፣ በአካባቢው ለቆመው ሰው «ይህ ዕቃ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ ልማዳችንን አያውቅም፤ ይቅር ይበሉት» ማለት ነበረብኝ። መኪናዋን የጠራት በሌለበት ቀንም ሰው እንዲለምደን እንድንዞር ታዘዝን።

በመጀመሪያው ሳምንት ሰዎች ይቅርታውን በቅሬታ ተቀበሉ። በሁለተኛው ሳምንት አንዳንዶች «ግድ የለም፣ ይለምዳል» ይሉ ጀመር። በመጋቢት ስድስት፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ዱቄት የተሸከመች አንዲት ሴት ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ ለመሣሪያው «አይዞህ፣ እኔም ያንን ሰፈር አላውቀውም» አለችው። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ድንበሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። እኔ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍሁ፤ በከተማችን ያ ቃል በሰው አፍ ሲነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ብዙ የሚደነቅ ነገር አይቻለሁ፤ ከነዚያ መካከል ለአንድ ዕቃ ብላ ራሷን ያዋረደችውን ይህችን ሴት ከፊት አስቀምጣታለሁ።

እማዋይሽን ምጥ የያዛት ሚያዝያ አሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ነው። ባሏ ስልክ ደወለ።

«ቤቱን አንሥተናል ሲስተር። ከአሮጌው ካባ በላይ ወጥተናል።»

«በየት በኩል?»

«ማንንም ብትጠይቂ ያሳይሻል።»

ሲስተር ዘርትሁን ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋን አነሳች። መሣሪያው ሳተላይቱን እስኪያገኝ ሁለት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ጠበቅን። ድንበሩ መሪውን በጣቶቹ እየመታ «ቀስ በል፣ ረጋ ብለህ ፈልግ» ይለው ነበር። ከዚያ አንድም ሰው ሳንጠይቅ ከተማውን አቋረጥን። በየመስቀለኛው ሰዎች ክንዳቸውን አዘጋጅተው ይጠብቁን ነበር፤ ስናልፋቸው ባዶ የቀረውን ክንድ ለሰላምታ ተጠቀሙበት። በአራት ሰዓት ከሠላሳ አንድ ከአሮጌው ካባ ሥር ደረስን። መንገዱ እዚያ ሦስት ቦታ ይከፈላል።

«ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ አላውቅም። ቆመህ ጠይቅ።»

መገንጠያው ላይ የቆሙት አቶ ልሳነወርቅ ነበሩ። ከስብሰባው ወዲህ ጠዋት ጠዋት እዚያ መቆም ጀምረው ነበር፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። መስኮቱን አውርጄ «ይህ ዕቃ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ…» ማለት ጀመርኩ።

«ተወው አድማሱ። ወዴት ናችሁ?»

«እማዋይሽ ጋ፤» አለች ሲስተር ዘርትሁን።

ክንዳቸው ተነሣ። የአቶ ልሳነወርቅ ክንድ ለመነሣትና አቅጣጫ ለመያዝ ከአንድ ሰከንድ በላይ ወስዶ አያውቅም። አሁን ትከሻቸው ድረስ ተነሥቶ ቆመ። ወደ ግራ ጥቂት ሄደ፤ ወደ መካከል ተመለሰ። ድንበሩ ፊት ለፊቱን ብቻ ያይ ነበር። ሰዓቴን ስለያዝኩ አሥራ አራት ሰከንድ እንደነበረ አውቃለሁ። ከዚያ ክንዱ ወረደ።

«አላውቅም፤» አሉ። ድምፃቸው ያው ገበያ የሚያቆመው ድምፅ ነበር። «ባለፈው ሳምንት ቤቶቹን ሲያነሡ እዚህ ቆሜ አይቻለሁ። በየት እንደወጡ ግን አላውቅም።»

ይህን ብለው ሮጡ። አምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ሲሮጡ ያየ ሰው አልነበረም። ከላይ በአህያ ባዶ ጀሪካን ጭና የምትወርድ ሴት ነበረች። ደርሰው አስቆሟት፤ ስትናገር ሰሙ፤ ይዘዋት መጡ።

«ለእነርሱ ውሃ የምታመላልሰው እሷ ናት። አሁን ከቤቱ ነው የመጣችው። ትግባና ታሳያችሁ።»

«አህያዬስ ጌታዬ?» አለች ሴትየዋ።

«እኔ እይዛታለሁ።»

ሴትየዋ ከኋላ ገባች። ስንነሣ ወደ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ። የአቅጣጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የአሥራ አንድ ጊዜ ተሸላሚ፣ በተተኮሰ ኮት መገንጠያው ላይ ቆመው የአህያ ገመድ ይዘዋል። አህያዋ ኮታቸውን ታሸት ነበር። በዕድሜዬ ካየኋቸው ባለሥልጣኖች ሁሉ በዚያች ደቂቃ እርሳቸውን ያከበርኳቸውን ያህል ያከበርሁት የለም።

መንገዱ በቀኝ በኩል ነበር፤ አቶ ልሳነወርቅ ክንዳቸውን አንድም ጊዜ ወደዚያ አላዞሩም። በአራት ሰዓት ከአምሳ በሩ ላይ ደረስን። ከጥሪው ሠላሳ ስምንት ደቂቃ መሆኑ ነው።

እማዋይሽ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ሲስተር ዘርትሁንን ስታይ «ደረስሽ?» አለች፤ እንደ ማመን ሳይሆን እንደ መጠየቅ።

«ደረስኩ። ነይ ተኚ።»

እኔና ድንበሩ መኪናው ውስጥ ቆየን። አርባ ሁለት ደቂቃ ቆጠርሁ። የሕፃን ድምፅ ሲሰማ ድንበሩ ባርኔጣውን አወለቀና እጅጌውን ስቦ የመሣሪያውን ስክሪን ጠረገ፤ አቧራ አልነበረበትም። «‹አንተ› ብትለኝም ይሁን፤» አለው። ሲስተር ዘርትሁን በሩ ላይ ወጥታ ሕፃኗን በሚዛኑ ላይ አንጠልጥላ «ጋሽ አድማሱ፣ ያንብቡልኝ፤ ዓይኔ አላይ አለኝ» አለችኝ። ሦስት ኪሎ ከአንድ መቶ ግራም ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

በዚያ ዓመት ማብቂያ በምርጥ ጠቋሚ መመዘኛ ላይ «መንገደኛው ደረሰ ወይ?» የሚል አንድ ረድፍ ተጨመረ። የይቅርታ ተጠሪ የሚለውን ካርዴን መለስሁ፤ ይቅርታ እንዲጠየቅ የሚጠብቅ ሰው እየጠፋ መጥቶ ነበር። መሣሪያው አሁንም መኪናው ላይ ነው፤ ሳተላይቱን ለማግኘት አሁንም ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ከእድሩ የተፈቀደው ሁለት ጎማ ስላላለቀ፣ የቀረው ለመኪናዋ አዲስ የፊት መስታወት መጥረጊያ ሆኗል።

በተከታዩ ጥር እንደ አምናው መቶ አርባ ሰዎችን መንገድ ጠየቅሁ። መቶ ዘጠኙ አንድ አቅጣጫ ጠቆሙኝ፤ ከእነርሱ ዘጠና ሰባቱ ልክ ነበሩ። ሠላሳ አንዱ «አላውቅም» አሉኝ። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ስምንቱ ሥራቸውን ትተው የሚያውቅ ሰው እስክናገኝ ድረስ አብረውኝ ሄዱ፤ የሄዱትም ርቀት በአማካይ ሁለት መቶ አሥር ሜትር ነው።